ዱባን በማይክሮዌቭ፦ በአንድ ሳህን፣ በሩብ ሰዓት

ዱባ በብዙ ቤት ተገዝቶ የወጥ ቤት ጥግ ላይ ቀናት የሚያሳልፍ አትክልት ነው። ጣዕሙ ተጠልቶ ሳይሆን ሥራው ተፈርቶ ነው። ልጣጩ ጠንካራ በመሆኑ መላጡ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቢላዋ ይንሸራተትበታል፤ ፍሬውና ፍሬውን የያዘው ክር መሳይ ነገር ጠረጴዛውን ያጨማልቃል፤ በመጨረሻም መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ክዳኑ፣ ጭልፋውና ማቅረቢያው ሁሉ መታጠቢያው ላይ ተቆልለው ይቆያሉ። በአዲስ አበባ መሀል፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታ ወይም በቂርቆስ በሚገኝ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ጀሪካን በሚቆጠርበት ሰሞን፣ ከምግብ ማብሰሉ ይልቅ ዕቃ ማጠቡ ሰውን ያሳስበዋል። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ማይክሮዌቭ፣ አንድ የመስታወት ሳህንና አንድ ማንኪያ ካሉ፣ ዱባ የተራበ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊመገበው የሚችል ሊሆን ይችላል።

የዚህ አሠራር ቁም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ ዱባ ድስቱንም ውሃውንም ይዞ የሚመጣ አትክልት ነው። ልጣጩ ድስት ሆኖ ያገለግለዋል፤ በውስጡ ያለው ውሃም በእንፋሎት ያበስለዋል። ስለዚህ ከማብሰል በፊት የምንሠራበትን ሥራ በቀነስን መጠን ዱባው እየጣፈጠ፣ የሚታጠበውም ዕቃ እያነሰ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ዱባና ማይክሮዌቭ ለምን ይስማማሉ?

ማይክሮዌቭ ምግብን የሚያሞቀው እንደ ቡታጋዝ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ዕቃውን አግሎ አይደለም። በቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ማይክሮዌቭ በ2,450 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ሞገድ ይለቃል፤ ይህ ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ በፍጥነት ስለሚያነቃንቀው ሙቀቱ ከራሱ ከምግቡ ይመነጫል። ጥሬ ዱባ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ አሞቃቅ የተመቸ ነው። ጠንካራው ልጣጭ እንፋሎቱ ቶሎ እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ደግሞ ዱባው በራሱ ወዝ ይበስላል፤ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ የሚጠፋው ጣፋጭነት እዚህ አይጠፋም።

ሁለት ነገሮችን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው፣ ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ወፍራም የሆነ ቁራጭ መሀሉ የሚበስለው ከዳር ወደ ውስጥ ቀስ እያለ በሚሄደው ሙቀት ነው። ማሽኑ ጮኾ ካቆመ በኋላ ዱባውን ሳይከፍቱ ለጥቂት ደቂቃዎች መተው የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። እንፋሎቱ ያን ያህል ስለማይግል፣ ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው የተጻፉ የማብሰያ መመሪያዎች «ስድስት ደቂቃ» ሲሉ እዚህ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ማሽኑ ደክሞ አይደለም፤ ዱባውም አላረጀም። እኔ ከዚህ በታች የማሰፍራቸው ደቂቃዎች ይህን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

ከጉልት እስከ ጠረጴዛ

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ የመሀል ከተማ ነዋሪ ዱባውን የሚገዛው በአብዛኛው ከሰፈር ጉልት፣ ከአትክልት ሱቅ ወይም ከእሁድ ገበያ ነው። ትልቁን ዱባ ሙሉውን የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ሻጯ በቢላዋ ከፍላ በቁራጭ ትሸጣለች። ለማይክሮዌቭ የሚመቸውም ይኸው ቁራጭ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን አንድ ቁራጭ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ቁራጩን ሲመርጡ የተቆረጠውን ገጽ በደንብ ይመልከቱ። ጥሩ ዱባ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለና ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ በጣት ጫና ሲደረግበት አይሰረጉድም፤ ገጹ ላይ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ይታያሉ። ፍሬዎቹ የሞሉና ነጭ ከሆኑ ዱባው በወጉ በስሎ የተቆረጠ ነው። ገጹ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ከተከፈለ ሰንብቷል፤ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ደግሞ መበላሸት ጀምሯል፣ አይግዙት። ሻጯ ከትልቁ ላይ አዲስ ቁራጭ እንድትቆርጥልዎ ቢጠይቁ ቅር አትሰኝም፤ በዚያውም ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ እንዲሰጥዎ ይንገሯት። አንድ ጫፉ አራት ጣት፣ ሌላው አንድ ጣት የሚወፍር ቁራጭ በማይክሮዌቭ ውስጥ እኩል አይበስልም።

ቤት ሲደርሱ መክተፊያ አያውጡ። ከአራት ኪሎ የጋዜጣ አዟሪዎች የተገዛ፣ ተነቦ ያበቃ ጋዜጣ ካለ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉት። ልጣጩን በጥቂት ውሃ አጥበው፣ አፈር ያለበትን ቦታ በእጅዎ አሽተው ያስለቅቁ፤ ከዚያም ዱባውን ጋዜጣው ላይ አስቀምጠው ፍሬውንና ክሩን በማንኪያ ይፋቁ። ፍቆ ማውጣቱ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ይቀላል። ሲጨርሱ ጋዜጣውን ከነፍሬው ጠቅልለው ይጥሉታል፤ ጠረጴዛው አይታጠብም፣ አይወለወልም። ፍሬውን ቆልቶ መብላት የሚወድ ሰው ለይቶ ማስቀረት ይችላል፤ ሆኖም ማጠቡና ማድረቁ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለተጣደፈ ቀን አይመከርም።

የሚያስፈልገው ዕቃ፣ የማያስፈልገውም

የሚመረጠው ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ሙቀት የሚችል የመስታወት ሳህን ነው። ክዳን ካለው መልካም፤ ከሌለው ሌላ የመስታወት ወይም የሸክላ ጠፍጣፋ ሳህን መገልበጥ ይበቃል። ፕላስቲክ ዕቃ ለዱባ አይሆንም የምልበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለማይክሮዌቭ መሠራቱ በምልክት ያልተገለጸ ፕላስቲክ በሙቀት ሊጣመምና ወደ ምግቡ ያልተፈለገ ነገር ሊለቅ ይችላል፤ በተለይ ዘይት ሲኖር። ሁለተኛ፣ በርበሬና እርድ ከዘይት ጋር ሆነው ፕላስቲክን ያቀልሙታል፤ ያ ቀለም በምንም ሳሙና አይለቅም። ቶሎ ለማጠብ ያሰበ ሰው ከመስታወት የተሻለ ጓደኛ የለውም።

ዱባው የመጣበትን ፌስታል ውስጡ እንዳለ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት ፈጽሞ አይገባም፤ ፌስታል ለምግብ ማብሰያ የተሠራ አይደለም፣ ይቀልጣል። ከምግብ ቤት የመጣ ስስ የፕላስቲክ ዕቃም እንዲሁ ነው። አልሙኒየም ፎይል፣ የብረት ሳህንና በቀለም የተለበጠ ቆርቆሮ ሳህን ብልጭታ ይፈጥራሉ። ጠርዛቸው በወርቅማ ቀለም የተከበበ ሳህኖችና የቡና ስኒዎች ደግሞ ብረት መስለው ስለማይታዩ ይዘነጋሉ፤ ያ ቀጭን መስመር ግን ብረት ስላለበት ይንጣጣል፣ ይጠቁራልም። እነዚህን ለእንግዳ ያስቀምጧቸው።

ዋናው አሠራር፦ ቁራጩን ከነልጣጩ

ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን ዱባ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከፍለው፣ ልጣጩ ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ሳህኑ ላይ ይደርድሩ። አደራደሩ ቀላል የሚመስል ግን ውጤቱን የሚለውጥ ጉዳይ ነው። ሳህኑ እየዞረ ሲሞቅ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ጠርዝ ጠርዙ ነው፤ መሀሉ ዘግየት ይላል። ስለዚህ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ሳህኑ ጠርዝ፣ ቀጭኑን ጫፍ ወደ መሀል አድርገው በክብ ያስቀምጧቸው፤ የሳህኑ እምብርት ባዶ ቢሆን ይመረጣል። ቁራጮቹ አይነባበሩ።

ሳህኑ ሥር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያፍስሱ። ይህ ውሃ ዱባውን ለመቀቀል ሳይሆን የዱባው የራሱ ውሃ መውጣት እስኪጀምር ድረስ እንፋሎት እንዲኖር ለማድረግ ብቻ ነው። ጨው አሁን አይነስንሱ፤ ጨው ገጹ ላይ ሲያርፍ ወዙን ስቦ ያወጣውና ያ ቦታ ደርቆ ይጠነክራል። ጨው በመጨረሻ ይደርሳል። ክዳኑን ያድርጉ፤ ነገር ግን እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍተት ይተዉ። አጥብቆ የተገጠመ ክዳን ያለው ዕቃ እንፋሎት ሲበዛበት ክዳኑ ሊፈነጠር ይችላል።

በ900 ዋት ማይክሮዌቭ፣ በሙሉ ኃይል፣ ለስምንት ደቂቃ ይሂድ። በአራተኛው ደቂቃ አቁመው ቁራጮቹን ባሉበት ማዞር፣ ማለትም ወደ ውጭ የነበረውን ጎን ወደ ውስጥ ማድረግ ይጠቅማል፤ ሳህኑ የማይዞርበት አሮጌ ማሽን ከሆነ ግን ይህ ግዴታ ነው። ጊዜው ሲያበቃ ሳይከፍቱ አምስት ደቂቃ ይተዉት።

በእነዚህ ደቂቃዎች በሳህኑ ውስጥ የሚሆነውን ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ገርጣ ያለ ቢጫ የነበረው የዱባው ጠርዝ ወደ ጥልቅ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ለውጡ እንደ ቀለበት ከዳር ወደ መሀል ይሄዳል። ከዚያ ገጹ ላይ ወዝ ይወጣል፣ ትናንሽ አረፋዎችም ከልጣጩ አጠገብ ይፍለቀለቃሉ። መሀሉ ላይ ገርጣ ያለ ነጥብ ከቀረ አልበሰለም። ማረጋገጫው ሹካ ነው፦ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሲወጋ ያለ ምንም ተቃውሞ ወርዶ ልጣጩን ከነካ ዱባው በስሏል፤ መሀል ላይ ያዝ ካደረገው ግን ሁለት ደቂቃ ይጨመርበት። በአንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ መጨመር ዱባውን አድርቆ ገመድ ገመድ ስለሚያደርገው በሁለት ሁለት ደቂቃ መሄዱ ይሻላል።

ክዳኑን ሲያነሱ ከእርስዎ ራቅ ወዳለው ጎን መጀመሪያ ይክፈቱት። የታመቀው እንፋሎት ፊትንና ክንድን ያቃጥላል፤ ልጅ አጠገብ ካለ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሳህኑም ከዱባው ሙቀት ስለሚግል በደረቅ ፎጣ ይያዙት፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ወደ እጅ ያስተላልፋል።

የበሰለው ዱባ አሁን በማንኪያ ከልጣጩ ይላቀቃል። እዚህ ላይ ነው ሳይላጥ መብሰሉ ዋጋ የሚያወጣው፤ ጥሬውን ዱባ ለመላጥ የሚፈጀው ጊዜና ትግል ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። ከፈለጉ ከልጣጩ ላይ ሆኖ እንዲሁ ይበላል፤ ማቅረቢያ ሳህንም አያስፈልግም።

የማሽንዎ ኃይል ስንት ነው?

ደቂቃ ብቻ ተናግሮ ዋቱን የማይናገር መመሪያ ለብዙ ሰው አይሠራም። የማይክሮዌቭዎን ጀርባ ወይም የበሩን ውስጠኛ ጎን ይመልከቱ፤ ሁለት ቁጥሮች ሊገኙ ይችላሉ። ትልቁ ማሽኑ ከመስመር የሚስበው፣ ትንሹ ወደ ምግቡ የሚደርሰው ኃይል ነው። ለማብሰል የሚቆጠረው ትንሹ ነው። በ900 ዋት ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ዱባ በ700 ዋት ከአሥር ደቂቃ ጥቂት ያልፋል። የዱባው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጊዜውም ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ በላይ ከሆነ በሁለት ዙር ማብሰሉ ይሻላል።

ጽሑፉ ከጠፋ አንድ ኩባያ ያህል፣ ማለትም ሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የእንጨት ማንኪያ ከትተው ያፍሉት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከተንፈቀፈቀ ማሽኑ ጠንካራ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ከወሰደ ለዱባውም ጊዜ መጨመር አለብዎ። የእንጨት ማንኪያው ያለ ምክንያት አልገባም፤ ውስጡ ልሙጥ በሆነ ብርጭቆ ብቻውን የሞቀ ውሃ ሳይንፈቀፈቅ ከመፍያው በላይ ሊግልና ሲነካ ድንገት ሊገነፍል ይችላል።

ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያበስል የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ማይክሮዌቩም ይደክማል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ጊዜውን ሳይሆን ሹካውን ይመኑ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ምጣዱና ማይክሮዌቩ በአንድ የማከፋፈያ ገመድ ላይ አብረው መሰካት የለባቸውም፤ ገመዱ ይግላል፣ ቆጣሪውም ይወድቃል።

ሙሉ ዱባ ሲሆን

ትንሽ ዱባ ሙሉውን የተገዛ እንደሆነ ዋናው ችግር መክፈሉ ነው፤ ጣት የሚቆረጠውም በዚህ ጊዜ ነው። ልጣጩን በቀጭን ቢላዋ ጫፍ ስድስት ወይም ሰባት ቦታ ላይ ጠልቆ እስኪገባ ወግተው ሦስት ደቂቃ ያሙቁት። ልጣጩ ይለዝባል፣ ቢላዋውም ያለ ትግል ያልፋል። መውጋቱ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ ያልተወጋ ሙሉ ዱባ ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት መውጫ ስለሚያጣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያኔ የሚታጠበው አንድ ሳህን ሳይሆን ማሽኑ በሙሉ ይሆናል። ከለዘበ በኋላ ለሁለት ከፍለው፣ ፍሬውን ፍቀው ከላይ በተነገረው መንገድ ይቀጥላሉ።

ዝኩኒ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ልጣጩ ስስ ስለሆነ አይላጥም፣ ፍሬውም አይወጣም። ሦስት መቶ ግራም ዝኩኒ በጣት ውፍረት ተቆርጦ፣ ውሃ ሳይጨመርበት፣ ተከድኖ በአራት ደቂቃ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ውሃ ውሃ ይላል።

ጣዕም

በስሎ የወጣ ዱባ ለብቻው ጣፋጭ ነው፤ የሚጎድለው ጨው፣ ቅባትና የሚያቃጥል ነገር ነው። በጾም ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ በጥቂቱ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ትኩሱ ላይ ጣል አድርገው በሹካ እያደቀቁ ማዋሐድ ነው። የሎሚ ጠብታ ጣፋጭነቱን ያቃናዋል። በፍስክ ቀን የተነጠረ ቅቤና ኮረሪማ ይበልጣሉ። ቅባቱን አይተዉት፤ ለዱባ ብርቱካናማ ቀለሙን የሚሰጠውና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይሰርፅም።

ሃምሳ አምስቱን ቀን የዐቢይ ጾም ለሚጾም፣ በተለይ ከቅዳሴ በኋላ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ሆዱን ቤቱ ለሚደርስ ሰው፣ ይህ ምግብ ትልቅ እርዳታ ነው። ጫማ አውልቆ፣ እጅ ታጥቦ፣ እንጀራው እስኪዘረጋ ዱባው ይደርሳል።

የዱባ ወጥ ለሚፈልግ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ማይክሮዌቭ ሽንኩርት አያቁላላም። ሽንኩርቱን ያለዝበዋል፣ ያበስለዋል፣ ሆኖም በድስት ላይ ቀስ እያለ የሚመጣው ያ ጥልቅ ጣዕም አይገኝበትም፤ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። መፍትሔው ቁሌቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። በዕረፍት ቀን በድስት በወጉ የተቁላላ ቁሌት በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በሥራ ቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቁሌት፣ ሩብ ኩባያ ውሃና የበሰለው ዱባ በዚያው የመስታወት ሳህን ውስጥ ተደባልቀው ተከድነው ለሁለት ደቂቃ ይሞቃሉ። ጣዕሙ ከድስቱ ወጥ የማይተናነስ፣ ዕቃውም ያው አንድ ሳህን ነው። ዱባው ሳይፈርስ ቅርጹን እንዲይዝ ከተፈለገ ስምንቱ ደቂቃ ወደ ሰባት ዝቅ ይበልና ቁሌቱ ውስጥ ይጨርስ።

ምግብ ለጀመረ ሕፃን የሚዘጋጅ ከሆነ ጨውም ቅመምም አይግባበት። በሹካ አድቅቀው፣ ጥቂት የፈላ ውሃ ወይም የእናት ጡት ወተት ጨምረው ያለዝቡት። ማይክሮዌቭ በምግቡ ውስጥ እዚህም እዚያም እጅግ የጋሉ ቦታዎችን ስለሚተው በደንብ ማማሰልና ከመስጠት በፊት በከንፈር ሳይሆን በእጅ አንጓ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ማጠብ

በትክክል ከተሠራ የሚታጠበው አንድ ሳህን፣ አንድ ክዳን፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሹካ ነው። ዱባ ስኳርና ስታርች ያለው በመሆኑ ከደረቀ በኋላ መስታወት ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ዱባው እንደወጣ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ትኩስ ውሃ ሳይደፉ በክዳኑ ሸፍነው ይተዉት። ተበልቶ ሲያልቅ በማንኪያ ጀርባ ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ሁሉንም ያጥባል።

ማሽኑ ውስጥ ከተረጨ ነገር ካለ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ከተጨመቀ ግማሽ ሎሚ ልጣጭ ጋር ለሦስት ደቂቃ አፍልተው፣ በሩን ሳይከፍቱ አምስት ደቂቃ ያቆዩት። እንፋሎቱ የደረቀውን ስለሚያለሰልሰው በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲጠረግ ይነሳል፣ የነጭ ሽንኩርቱም ሽታ ይሄዳል። የሚዞረውን የመስታወት ሳህን ከነግለቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይክተቱት፤ ይሰነጠቃል።

መብራት መሀል ላይ ቢሄድ

ዱባው ገና ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ የሄደ ከሆነ ያው ጥሬ ነው፤ ቡታጋዝ ካለ በጥቂት ውሃ ተከድኖ እዚያ ይጨርስ፣ ከነልጣጩም ቢሆን ይሆናል። ስድስት ደቂቃ ያህል ሄዶ ከነበረ ግን በሩን አይክፈቱ። ሳህኑን በተዘጋው ማሽን ውስጥ አሥር ደቂቃ ቢተዉት የያዘው ሙቀት አብዛኛውን ሥራ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በሹካ ወግተው ይወስናሉ። በዚህ መሀል ማሽኑን ከሶኬት መንቀል ተገቢ ነው፤ መብራት ሲመለስ ድንገት ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ማሽኑን ሊጎዳው ይችላል። መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከጸና በኋላ ይሰኩት።

ከበላነው የተረፈው ከልጣጩ ተላቆ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። መብራቱ ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ግን ያን ያህል አይቆይም፣ በዚያው ቀን ይበላ። እንደገና ሲሞቅ አንድ ማንኪያ ውሃ ረጭተው፣ ከድነው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይስጡት፤ መሀል ላይ አንዴ ያማስሉት።